ዳኛው ከድርድሩ ይውጣ፤ ተከሳሹን ግን ይጠይቅ

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት

የተከበራችሁ የሕግ አውጪዎች፣ የሕግ አርቃቂዎችና የሙያ ባልደረቦቼ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለረጅም ዓመታት በወንጀል ችሎት ያስቻልኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። የምጽፈው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የጥፋተኝነት ድርድር፣ ማለትም ተከሳሹ ቅጣት እንዲቀልለት ጥፋቱን ለማመን ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚደራደርበት አሠራር፣ በአገራችን ሲደራጅ ዳኛው የት ይቁም? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ዳኛው ከድርድሩ ጠረጴዛ ፈጽሞ ይራቅ። ድርድሩ አልቆ ተከሳሹ ፊቱ ሲቆም ግን ዛሬ ከምናደርገው እጅግ በጠለቀ ሁኔታ ይጠይቀው፣ ያድምጠው፣ የሰማውንም ይመዝግብ። ይህን እንድል ያደረገኝ በራሴ ችሎት ያደረግሁት ነገር ነው።

ተከሳሹ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም ነበር። ከገጠር መጥቶ በሕንፃ ግንባታ ላይ በቀን ሠራተኛነት ይሠራ ነበር። ክሱ ከሚሠራበት ቦታ የኤሌክትሪክ ገመድ ሰርቋል የሚል ነው። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ አንጓው ላይ ካቴናው የተፈታበት ቦታ እንደ ቀላ። ጠበቃ አልነበረውም። ክሱን አነበብኩለትና እንደ ልማዳችን ጠየቅሁት፤ «ክሱን ሰምተሃል። ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?»

«ጌታዬ፣ ገመዱን ይዤ ስወጣ ነው የተያዝኩት። ግን ፎርማኑ…»

«አጭር መልስ ስጥ። ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?»

ዝም አለ። እኔም ሳልጠየቅ ጨመርኩበት። «ካመንክ ቅጣቱ ይቀልልሃል። ከካድክ ምስክር እስኪሰማ ለሌላ ቀጠሮ ትመለሳለህ» አልኩት። አጠገቡ የቆመውን ፖሊስ አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ «እንግዲህ እርስዎ እንዳሉ ይሁን ጌታዬ» አለ። ለችሎት ጸሐፊዋ «ተከሳሹ የክሱን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ አምኗል» ብዬ አስጻፍኩ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በዚያ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ከ30 የማያንስ መዝገብ ተደርድሮ ነበር።

ያ ልጅ ሊናገረው የነበረው ከ«ግን» በኋላ ያለው ነገር ነው። ፎርማኑ ውሰድ ብሎት ነበር? ለሌላ ሳይት አድርስ ተብሎ ተልኮ ነበር? ወይስ ሰበብ ፍለጋ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚቆጨኝም ይኸው ነው፤ ለማወቅ በተሾምኩበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳላውቅ ማለፌ። ስርቆት ያለ ሐሳብ አይቆምም፤ ገመድ ተሸክሞ መገኘትና ገመድ መስረቅ አንድ አይደሉም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይህን አሳምሮ ያውቃል። ተከሳሹ እያንዳንዱን የወንጀሉን ፍሬ ነገር ያለ ምንም ገደብ ሲያምን ብቻ ነው የጥፋተኝነት ቃል የሚመዘገበው ይላል፣ አንቀጽ 134። ቅድመ ሁኔታ አስገብቶ ያመነ፣ ወይም ዝም ያለ፣ እንዳላመነ ይቆጠራል ይላል፣ አንቀጽ 133። በሕጉ መሠረት የልጁ «ግን» አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ አላመነም ማለት። እኔ ግን ያንን ቃል ከአፉ ነጠቅሁት።

ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚያምንበትን ምስጢር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጥያቄያችን ውስጥ ተቀምጧል። «የእምነት ክህደት ቃል» እንላለን። በአማርኛ «አመነ» ማለት የተባለውን ተቀበለ ማለት ነው፤ በእግዚአብሔር አመነ ማለትም ነው። «ካደ» ደግሞ ጓደኛውን የካደ፣ ማተቡን የበጠሰ፣ አገሩን የሸጠ ሰው ግብር ነው። በቤተሰቡ «ከሃዲ» መባልን ከሞት የሚቆጥር የገበሬ ልጅ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ፣ ዳኛ ከበላዩ ተቀምጦ «ትክዳለህ ወይ?» ሲባል ምን ብሎ እንዲመልስ ነው የምንጠብቀው? እኛ የሕግ ቋንቋ ተናገርን ብለን ነው፤ እሱ የሰማው ግን ስለ ጸባዩ የቀረበ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ራሱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ንጹሕ ሰውም ቢሆን እንዲህ ሲጠየቅ ለመካድ ያፍራል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ድርድር ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ የጥፋተኝነት ድርድር ወደ ሥርዓታችን እንዲገባ አቅጣጫ አስቀምጧል፤ ለዓመታት ሲመከርበት የቆየው የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ረቂቅም ይዞታል። ሐሳቡን አልቃወምም። ተከሳሹ በጠበቃ ታግዞ፣ የቀረበበትን ማስረጃ አይቶ፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተነጋግሮ ጥፋቱን ቢቀበል፣ ተጎጂውም ቶሎ ቢካስ ማን ይጠላል? ፍርሃቴ ሌላ ነው። ውዝፍ መዝገብ ያስጨነቀው ዳኛ ድርድሩን እንደ መዝገብ ማጥሪያ መያዙ አይቀርም። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም። ዳኛ በየዓመቱ በምን ይመዘናል? ስንት መዝገብ ከፍቶ ስንቱን ዘጋ በሚል ነው። በአንድ ቀጠሮ የሚዘጋ መዝገብ በአሥር ቀጠሮ ከሚዘጋው ይልቅ ለዳኛው የተወደደ ነው። በጉዳዩ መቋጨት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ዋጋ ቆራጭ መሆን የለበትም።

ሌላም አለ። ዐቃቤ ሕግ «አምስት ዓመት ልጠይቅብህ፣ ካልሆነ አሥር» ቢል ተከሳሹ «ዳኛው ይፈርድልኝ ይሆናል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ዳኛው ራሱ «ብታምን አምስት፣ ብትከራከር አሥር» ካለ ግን ከእንግዲህ ወዴት አቤት ይላል? ምስክሮቹን የሚሰማው፣ ማስረጃውን የሚመዝነው፣ ቅጣቱን የሚወስነው ያው ሰው ነው። ሰውየው ገና ምስክር ሳይሰማ ሐሳቡን እንደ ነገረው ተከሳሹ ያውቃል። አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት ሥልጣን ካለው ጋር መሟገት ከንቱ ነው ብለው ነው፤ ያ ስሜት ዛሬም ችሎት ውስጥ ቆሟል። የዳኛ ምክር በእኛ አገር ትእዛዝ ነው። እኔ «ቅጣቱ ይቀልልሃል» ስለው ልጁ የሰማው «እመን» የሚል ነው። በኋላ ደግሞ ያው ዳኛ ዞር ብሎ «ያስገደደህ አለ?» ብሎ ቢጠይቀው «አዎ፣ እርስዎ» የሚል ማን ይወጣል?

ይህን ችግር ሌሎች ቀድመውን አይተውታል። በአሜሪካ በ2012 (የውጭ አገሮቹን ዓመታት የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንደ ጠቀሰው ከፌዴራል ጥፋተኝነቶች 97 በመቶው፣ ከክፍላተ አገራቱ ደግሞ 94 በመቶው በክርክር ሳይሆን በተከሳሹ ቃል የሚቋጩ ናቸው። እንዲህ ያለ አገር እንኳን በፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንቡ ቁጥር 11 ላይ ፍርድ ቤቱ በድርድሩ መሳተፍ እንደሌለበት በግልጽ ጽፏል። በተነጻጻሪው ያው ደንብ ዳኛውን ሌላ ሸክም ያሸክመዋል። ተከሳሹን በግልጽ ችሎት፣ በአካል ያናግረው፤ የሚተወውን መብት አንድ በአንድ ይንገረው፤ ቃሉ በኃይል፣ በማስፈራሪያ ወይም በስምምነቱ ውስጥ ባልተጻፈ ተስፋ የተገኘ አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ከቃሉ በስተጀርባ እውነተኛ ድርጊት መኖሩንም ይመርምር ይላል።

የዚህን አስፈላጊነት የሚያሳየው ጉዳይ ለእኛ የቀረበ ነው። በአላባማ አንድ የ27 ዓመት ጥቁር ወጣት በአምስት የዝርፊያ ክሶች ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዳኛው አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም፤ እሱም ለፍርድ ቤቱ ምንም አልተናገረም። ሞት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ፍርዱን ሻረ፤ ምክንያቱም ሰውየው አውቆና ፈቅዶ መናገሩን የሚያሳይ ነገር በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ዝምታ ፈቃድ ተደርጎ አይወሰድም አለ። እኛ «በዝርዝር አምኗል» የምንላቸው መዝገቦች ቢከፈቱ ውስጣቸው ምን እናገኛለን? እኔ የጻፍኳቸውን በሐሳቤ እከፍታቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አሜሪካ ምሳሌ ትሁነን ስል ግን በጎ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በ1978 ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ሰው የ88 ዶላር ከ30 ሣንቲም ሐሰተኛ ቼክ ተጠቅሟል ተብሎ ተከሶ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ አምስት ዓመት እጠይቅብሃለሁ፣ ካልተቀበልክ ግን በተደጋጋሚ ወንጀለኛ ሕግ እከስሃለሁ አለው። አልተቀበለም፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጠባብ ድምፅ አጸደቀው። ይህ እኛ መቅዳት የሌለብን ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ንጹሑም ሰው ያምናል። በሌላ ጉዳይ ደግሞ አንድ የፌዴራል ዳኛ በዝግ ችሎት ተከሳሹን ጥፋቱን ቢናዘዝ እንደሚሻለው መከረው፤ ተከሳሹ ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ዳኛ ፊት ቀርቦ አመነ፤ ሁለተኛው ዳኛ ማንም አስገድዶህ ነበር ወይ ሲለው የለም አለ። ጉዳዩ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የዳኛው ምክር ስሕተት ቢሆንም ያ ብቻውን ቃሉን አያፈርሰውም፣ በተከሳሹ ውሳኔ ላይ ያደረሰው ነገር ይመርመር ተባለ። አያችሁ፣ አንዴ ከዳኛ አፍ የወጣውን ምክር መልሶ ማስተካከል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ። ከመጀመሪያው ባይወጣ ይቀላል።

ጀርመን ከእኛ የሕግ ባሕል ጋር የሚቀራረብ አገር ነው፤ በዚያ ዳኛው ራሱ በስምምነቱ ውስጥ ይገባል። በ2009 በሕግ ደነገጉት። ልምዱ ያስተማራቸውን በ2013 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው ነገራቸው። ሕጉ ባይፈርስም አፈጻጸሙ ጉድለት አለበት፤ ከችሎት ውጭ በሚስጥር የሚደረግ ስምምነት ክልክል ነው፤ ሁሉም በመዝገብ ይስፈር፤ የተሰጠውም የእምነት ቃል እውነት መሆኑ ይመርመር አለ። ዳኛን ወደ ድርድር ያስገባ አገር በመጨረሻ ዳኛውን ለመቆጣጠር ሌላ አጥር ማጠር ግድ ሆነበት ማለት ነው። በእንግሊዝም በ2005 የተፈቀደው ተከሳሹ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ዳኛው የቅጣቱን ጣሪያ እንዲናገር ነው። ያንንም ቢሆን ጠበቃ ለሁሉ በማይዳረስበት አገር ለማምጣት እፈራለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ እዚያ ያለው ነው። በምርመራ ጊዜ ተጠርጣሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ የእምነት ቃል ሲሰጥ፣ አንቀጽ 35 ዳኛውን «በፈቃዱ መናገሩን ጠይቀህ ሳታረጋግጥ አትመዝግብ፣ ማረጋገጥህንም በመዝገቡ ላይ ጻፍ» ይለዋል። ይህ በ1954 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። የበለጠ ክብደት ባለው ቦታ፣ ሰውየው ነጻነቱን በሚያጣበት በክሱ መስሚያ ቀን ግን አንቀጽ 134 ስለዚህ ጥያቄ ዝም ይላል። ለፖሊስ ምርመራ የተሠራው አጥር ለፍርዱ ቀን አልተሠራም። እርግጥ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ በማስረጃነት የሚቀርብ ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘም ተቀባይነት የለውም ብሏል። አንቀጽ 135ም ቃሉ በስሕተት እንደተመዘገበ ሲታይ ፍርድ ቤቱ እንዲቀይረው ይፈቅዳል። ግን ማን ጠይቆ፣ ማን አይቶ? ጥያቄው ካልተጠየቀ መልሱ አይገኝም።

ስለ እስር ዝም ብዬ ባልፍ ደግሞ የደብዳቤዬ ግማሽ ይጎድላል። ዋስትና ያልተፈቀደለት ወይም የዋስትናውን ገንዘብ ማስያዝ ያልቻለ ሰው በሁለት ሰዓቶች መካከል ይቆማል። አንደኛው የእስር ቤቱ ሰዓት ነው፤ ምስክር ስላልቀረበ፣ ዳኛ ስላልተሟላ፣ መዝገብ ስላልተገኘ ቀጠሮ ከቀጠሮ ይራመዳል። ሁለተኛው የቅጣቱ ሰዓት ነው። ስርቆት ነው፣ ቀላል የአካል ጉዳት ነው፣ ቢያምን ምናልባት የታሰረበት ጊዜ ተቆጥሮለት፣ ወይም ቅጣቱ በገደብ ሆኖለት ዛሬውኑ ሊወጣ ይችላል። ቢከራከር ለስድስት ወር ይቆይ ይሆናል። እኔ ራሴ «ካመንኩ ዛሬ እወጣለሁ?» ብለው የጠየቁኝን ሰዎች አልረሳም። ከእነዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ለጥፋታቸው፣ ምን ያህሉ ለልጆቻቸው ሲሉ እንዳመኑ አንድዬ ያውቃል። በእስር ላይ ያለ ሰው ነጻ ሆኖ ይደራደራል ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ማመን ግን ከባድ ነው።

ካመነ በኋላ የሚመጣውንም ማንም አይነግረውም። የወንጀል ሪከርድ ያለበት ሰው ከወንጀል ነጻ ነው የሚል ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ አሻራ ሲሰጥ ያን ጊዜ ነው የሚገባው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። አረንጓዴ ካርድ ይዞ በትንሽ ክስ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ጠበቃ ይህን ለውጭ ዜጋ ደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። አንድ ሰው የማያውቀውን ዋጋ ተስማምቶ ከፍሏል ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ሕጉ ሲጸድቅም ሆነ መመሪያ ሲወጣለት ዳኛው በጥፋተኝነት ድርድር እንዳይሳተፍ፣ ለማንኛውም ወገን ስለሚወስነው ቅጣት አስቀድሞ እንዳይናገር በማያሻማ ቃል ይጻፍ። በችሎት «ካመንክ ይቀልልሃል» ማለትም ይከልከል። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 82 ጥፋቱን ያመነና የተጸጸተ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል ማለቱ ትክክል ነው፤ ያንን የሚነግረው ግን ጠበቃው ይሁን እንጂ የሚፈርድበት ዳኛ አይሁን። ጠበቃ የሌለው ሰው ደግሞ ከዐቃቤ ሕግ ጋር እንዳይደራደር፣ የጥፋተኝነት ቃሉም እንዳይመዘገብ። ይህ የተከላካይ ጠበቆችን ቁጥር መጨመር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ወጪ ነው። ግን ጠበቃ ሳናቆም ድርድር ካመጣን ድርድሩ አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራበት ይሆናል። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ድርድሩ ሳይሳካ ሲቀር የተነገረው ሁሉ ከማስረጃ ውጭ ይሁን፤ ድርድሩን በአጋጣሚ የሰማ ዳኛም ክርክሩን ለሌላ ዳኛ ያስተላልፍ።

ከዚያ ዳኛው በግልጽ ችሎት ይጠይቅ። ጊዜ ይውሰድ። በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት ለሚታይ ጉዳይም ቢሆን ሃያ ደቂቃ ያልተሰጠው ሰው ዓመታት ሊሰጡት አይገባም። የተከሳሹ አፍ መፍቻ ቋንቋ አማርኛ ካልሆነ አስተርጓሚ ይኑር፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የችሎቱን ቋንቋ ለማይረዳ ሰው በመንግሥት ወጪ ብሎታል፤ ጥያቄዎቹም ሆኑ መልሶቹ ቃል በቃል ይጻፉ። «ምን አደረግህ?» ተብሎ በራሱ አንደበት ይተርክ። «አዎ» እና «አይ» ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ የሚመዝነው የዳኛውን ቃል ነው።

«ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» የሚለውም ይቅር። ቀላል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ደብዳቤ ሊቀየር ይችላል። በምትኩ እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅስ፤ «ይህን ክስ ዐቃቤ ሕግ በማስረጃ እንዲያስረዳ የመጠየቅ መብት አለህ። ይህን ብታደርግ ማንም ውሸታም አይልህም፤ ቅጣትህም በዚህ ምክንያት አይከብድም። እንዲያስረዳ ትፈልጋለህ?» ያ ልጅ እንዲህ ተጠይቆ ቢሆን «ግን» ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው የተናገረ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጉዳይ በሚደረግ ማንኛውም የአስረጂ መድረክ ላይ ቀርቤ ያየሁትንና ያደረግሁትን ለመናገር ፈቃደኛ ነኝ። የዚያ ቀን መዝገብ አሁንም በአንድ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይኖራል፤ ከእኔ ፊርማ በላይ «በዝርዝር አምኗል» ይላል። የልጁ ቃል ግን አልተጻፈም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ዳኛ